የሶረቲ ኩይሳ

ወንድሜን ከጂን ያዳንኩት በዘጠኝ ዓመቴ ነው። እንዴት እንዳዳንኩት ለመንደሩ ልጆች አንድም ሳላስቀር ተናግሬያለሁ። ለሦስት ሳምንት ያህል በመንደራችን በየቡ ከእኔ በላይ የሚኮራ ሰው አልነበረም።

በዚያ በጂን ነገር የከሰስኳት ሴት ባለፈው ወር ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር፣ አብራኝ በምትኖርበት በእኔው ቤት አረፈች። ስሟ ሶረቲ ነው። ለቅሶው አልፎ ሰው ከተበተነ በኋላ ታሪኩን እንደነበረ የሚያውቅ እኔ ብቻ እንደቀረሁ ገባኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ የቀረውን ስጠርገው ከኖርኩት ኮሌጅ የተጣለ ወረቀት እያነሳሁ ነው የለመድኩት። ለዚህ ታሪክ ግን ይበቃኛል።

ዘመኑ 1977 ዓ.ም. ነው። ወንድሜ ጠሃ አንድ ዓመት ተኩል ሆኖታል። በዚያ ዓመት ፈንግል ገብቶ የመንደሩን ዶሮ ጨርሷል፤ ላማችን ነጥፋለች፤ እናቴ መሪማ ሌላ ልጅ አርግዛ ጠሃን ጡት አስጥላዋለች። እኔ አንዱን ነገር ከሌላው ጋር አላገናኘሁም። የማየው ጠሃን ነው፤ ጠሃ ደግሞ ወፍሮ ነበር።

ጉንጩ ተነፍቶ ዓይኑን ሊሸፍነው ደርሷል። እግሩ ድብልብል ብሎ ቁርጭምጭሚቱ ጠፍቷል፤ ቆዳው ቅባት የተቀባ ይመስል ያብረቀርቃል። ጸጉሩ እንደ በቆሎ ጸጉር ቀልቶ ነበርና ከእኛ ሁሉ እሱ የሚያምር ይመስለኝ ነበር። ደግሞም አያለቅስም። ባስቀመጥኩት ቦታ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ዝንብ ዓይኑ ላይ ሲያርፍ እንኳ እጁን አያነሳም።

"ማሻአላህ!" ትላለች ጎረቤታችን ለጢፋ። "ምን ዓይነት ጨዋ ልጅ ነው? የእኔው ሲነጫነጭ ነው ውሎ የሚያድረው። መሪማ፣ ምን ብታበሉት ነው እንዲህ የወፈረው? ለእኛም ንገሪን እንጂ።"

እናቴ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አደረገች። ዓይን እንዳይበላው ፈርታ መሰለኝ።

አንድ ማክሰኞ እናቴ ጠሃን አሳዝላኝ ክሊኒክ ሄድን። የጤና ረዳቱ ወልደሰማያት ይባላል፤ ሰው ሁሉ ግን "ዶክተር" ይለዋል፣ እሱም አይከለክልም። የጠሃን እግር በአውራ ጣቱ ተጫነ። ጎንበስ ብሎ አየና ሌላውን እግር ደግሞ ተጫነ።

"ምን ይበላል?"

"ገንፎ፣ ዶክተር።"

"የምን ገንፎ?"

"የበቆሎ። አንዳንዴ ጎደሬ እንሰጠዋለን።"

"እንቁላልስ?"

"ዶሮውን ፈንግል ጨርሶት።"

"ሥጋ?"

እናቴ ፈገግ አለች። "ዒድ እኮ ገና ነው።"

እሱ ፈገግ አላለም። ፋፋ የሚባለው የልጆች ዱቄት እንደነበራቸው፣ ያለው ሁሉ ከድርቁ አገር ወደ መጡት ሰፋሪዎች መጠለያ እንደሄደ፣ እዚያም ልጆች እንዳሉ ተናገረ። "ገንቢ ምግብ" የሚል ነገር ደጋገመ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለእናቴ ብቻ የሆነ ነገር አላት። እኔ የገባኝ ዶክተሩ ወፍራም ሰው እንደማይወድ ነው፤ እሱ ራሱ ከሲታ ነበር።

በዚያች ዝቅ ባለች ድምፅ ያለውን እናቴ የነገረችኝ ካገባሁ በኋላ ነው። "ክረምቱን አይወጣም" ነው ያላት።

ሶረቲ ያኔ ጓዳችን ውስጥ ነበር የምትኖረው። ከቴፒ ወዲያ ካለው ቆላ ከባሏ ጋር ለቡና ለቀማ መጥታ፣ ባሏ እዚሁ ሞቶባት የቀረች ሴት ናት። ረጅም ናት፤ ስትስቅ ድምፅዋ ከቡናው ማዶ ይሰማል። ከዚያ ቀደም ባለው ዓመት ከዝናብ በኋላ ክንፋሙ ምስጥ፣ አሸን፣ ፈልቶ ግቢው በክንፍ ሲሞላ፣ እየለቀመች ክንፉን ነጭታ ወደ አፏ ስትሰድ አባቴ ጀማለዲን አያት።

"ሶረቲ፣ ከዶሮዎቼ ጋር አትሻሚ እንጂ!" አላት።

"አባ ዙህራ፣ ዶሮ እኮ ሞኝ አይደለችም" አለችው በእኔ ስም ጠርታ፣ አፏን እንደሞላች።

ሁላችንም ሳቅን። እሱም ሳቀ። ወዲያው ግን ፊቱን ሰብሰብ አደረገና "በእኔ ቤት ዕቃ ግን እንዲህ ያለ ነገር እንዳይገባ" አለ። አባቴ ሁለት ጊዜ አይናገርም።

በ1977 ሚያዝያ አባቴ ቤት አልነበረም። ገበሬ ማህበሩ ወንዶቹን ለሰፋሪዎች ጎጆ እንዲሠሩ ይዟቸው ሄዷል፤ በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ መጥቶ ቅዳሜ ይመለሳል። ከክሊኒክ በመጣን ማግስት እናቴና ሶረቲ ከጓዳው ጀርባ ሲንሾካሾኩ ሰማኋቸው።

"ማሎ፣ ሶረቲ። እሱ እንዳይሰማ ብቻ" እያለች እናቴ ትለምናለች።

"ከእኔ አፍ አይወጣም፣ ሀደ ዙህራ" አለች፤ የዙህራ እናት ማለቷ ነው። "እኛ ዘንድ ልጅ ጡት ሲጥል መጀመሪያ የሚቀምሰው እኮ ይህንኑ ነው።"

ሰው ሲንሾካሾክ ስለ ክፉ ነገር መሆኑን አውቅ ነበር። የሚያውቅ ሰው ደግሞ መከታተል አለበት።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የጠሃ ገንፎ ቀለሙ ተለወጠ። ሶረቲ ከአንድ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ቡናማ ነገር በማንኪያ ትጨምርበታለች። ሽታው የተቆላ ኑግና የቀለጠ ቅቤ ሽታ ነው። ምን እንደሆነ ስጠይቃት "መድኃኒት ነው፤ አንቺ ብቻ አፍሽን ያዢ" አለችኝ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ጎመን ትቀነጥሳለች።

በዐሥረኛው ቀን ጠሃ ከሳ።

የተነፋው ጉንጩ ሟሸሸ። እግሩ እንደ ሸንበቆ ቀጠነ፣ ቆዳው ተንጠለጠለ፣ የጎድን አጥንቱ ይቆጠር ጀመር። ከዚያ ደግሞ ማልቀስ ጀመረ። ሳስቀምጠው ያለቅሳል፣ ሳነሳው ያለቅሳል፣ ገንፎው ሲያልቅ ሳህኑን እየደበደበ ያለቅሳል። መጀመሪያ ጮኾ ያለቀሰ ቀን ሶረቲ ምን እንዳደረገች እስከ ዛሬ አልረሳውም። እጇን አጨብጭባ ሳቀች።

"አለቀሰ! ሀደ ዙህራ፣ ነይ ስሚው፣ አለቀሰ!"

በሕፃን ለቅሶ የምትስቅ ሴት ምን ዓይነት ሴት ናት? ያን ቀን በሶረቲ ላይ ፈረድኩ።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ እንስራና ሁለት አጫጭር ዱላ ይዛ ወደ ቡናው ስትገባ ተከተልኳት። ከቡናችን ጀርባ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ ኩይሳ አለ። እሱን በእንጨትና በእንሰት ቅጠል እንደ ድንኳን ሸፍናዋለች፤ በአንድ በኩል ትንሽ ቀዳዳ ትታ እዚያ ሥር ማሰሮ ቀብራለች። ተንበረከከች። ውኃ ረጨች። በሁለቱ ዱላዎች የኩይሳውን እግር ቀስ እያለች ትመታ ጀመር፤ ጠብ ጠብ፣ ጠብ ጠብ። አፏ ውስጥ የማላውቀውን ነገር ታንጎራጉራለች። ትንሽ ቆይታ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ከመሬት ታስነካለች፤ ቀና ብላ ደግሞ ትመታለች።

ይህ ለእኔ ስግደት ነበር። ፊቷ ደግሞ ወደ ቂብላ አልነበረም።

ቁርኣን ቤት ሸህ ቲጃኒ ጉድጓድ አፍ ላይ እንዳንሸና፣ ጂን እንደሚኖርበት ነግረውናል። ኩይሳ ደግሞ ሁለመናው ጉድጓድ ነው። ተደብቄ ሳይ በዚያች ቀዳዳ በኩል የሚያብለጨልጭ ጥቁር ነገር እየተንፏቀቀ ይፈስ ጀመር። አሸን መሆኑን ማወቅ ነበረብኝ። ነገር ግን አሸን የሚወጣው ሲዘንብ ነው፤ ያን ቀን ጠራራ ፀሐይ ነበር። ሳታየኝ ሮጥኩ።

ዛሬ የማውቀውን ያኔ ማን ነግሮኝ። ምስጥ ከጨለማ ቤቱ ሆኖ የሚጠብቀው የዝናቡን ኮቴ ነው፤ ዱላው በልኩ ሲመታ ዝናብ የመጣ ይመስለውና ክንፋሙን ይለቀዋል። ከኮሌጁ ቆሻሻ መጣያ ካነሳኋቸው ወረቀቶች አንዱ ስለዚሁ ነበር፦ የደረቀ አሸን ሲመዘን ሲሶ ያህሉ ገንቢ ምግብ፣ ግማሽ ገደማው ቅባት፣ ከዚያም ላይ ብረት። ያን ወረቀት አጥፌ ሻንጣዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ሶረቲ እንዲህ ያለ ወረቀት አላየችም። የምታውቀው በሰፌድ ክንፉን አበጥራ፣ ዘይት ሳታስነካ በራሱ ቅባት ቆልታ፣ ፀሐይ ላይ አድርቃ፣ ወቅጣ በገንፎ ማብላት ነው። እናቷ ለእሷ ያደረገችው ይህንኑ ነው።

ሐሙስ አባቴ እጁ በጭቃና በእንጨት ተላልጦ መጣ። ውኃ እንኳ ሳይጠጣ ያዝኩት።

"አባ፣ አዴ ሶረቲ ለኩይሳ ትሰግዳለች። ጂኑ ጠሃን እየበላው ነው። መድኃኒት ብላ ታበላዋለች፣ እሱ ይከሳል።"

አባቴ ጠሃን ከእጄ ወሰደ። ሁለት ሳምንት አላየውም ነበር። አጥንቱን በጣቱ ሲነካ ፊቱ ጠቆረ።

"ሶረቲ!" ብሎ ተጣራ። "ከኩይሳው ጋር ምን ጉዳይ አለሽ?"

ሶረቲ እናቴን አየቻት። እናቴ መሬት መሬት ታያለች።

"አሸን አወጣለሁ፣ አባ ዙህራ።"

"ለማን?"

"ለራሴ" አለች።

"ልጄስ? ምን ብታበዪው ነው እንዲህ የሆነው?"

"ልጅዎ እየዳነ ነው።"

"አጥንቱን እየቆጠርኩት? እየዳነ? አስተግፊሩላህ! ከኩይሳ ጋር ማውራት በእኔ ቤት አይኖርም። የሟች ባልሽ አደራ ባይኖርብኝ ዛሬውኑ ባባረርኩሽ ነበር። ነገ ስነቃ እንዳላይሽ።"

እናቴ ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ቃል አልተናገረችም። እኔም ከእኔ ጋር የቆመች መሰለኝ። እንዲያውም እጇን ሻሿ ሥር አስገብታ ደረቷን ስትይዝ ተንፈስ አለች ብዬ ነበር። ከሻሹ ሥር የያዘችው ቆርቆሮውን ነው። ዝም ያለችው ከተናገረች ቆርቆሮውም እንደሚደፋ ስላወቀች ነው። ቆጥባ በትንሹ በትንሹ ዐሥር ቀን አበላችው።

ሶረቲ በጠዋት ትንሽ ጨርቋን ቋጥራ ወጣች። በአጠገቤ ስታልፍ እጇን ራሴ ላይ ጣል አደረገች። ጂኑ እንዳይዘኝ ብዬ ራሴን ታጠብኩ። አባቴ ኩይሳውን በዶማ ንዶ፣ እስከ ንግሥቲቱ ድረስ ቆፍሮ የፈላ ውኃ ደፋበት።

በሦስት ሳምንት ውስጥ ጠሃ እንደገና "አማረበት"። ጉንጩ ሞላ፣ እግሩ ደነደነ፣ ለቅሶውን ተወ። ባስቀመጥኩት ቦታ ይቆያል። ለጢፋ እየሰማኋት ከአጥር ማዶ "ይህች የጀማለዲን ልጅ ዐዋቂ ናት፣ ወላሂ" አለች። ለልጆቹ ጂኑ እንዴት ቀንድ እንደነበረው ተረክኩላቸው፤ ቀንዱ በየቀኑ ያድግ ነበር።

አንድ ቀን በጠሃ ፊት ቆሜ እናቴን "አየሽ አዮ፣ ዳነ እኮ!" አልኳት።

እናቴ እጄን ያዘች። አውራ ጣቴን ወስዳ የጠሃ እግር ላይ አሳረፈችና በራሷ ጣት ከላይ ተጫነችው። "አንሺ" አለችኝ። አነሳሁ። የጣቴ ቦታ ጎድጉዶ ቀረ። እርጥብ ጭቃ የተጫንኩ ይመስል፣ ጉድጓዱ አልሞላም። ጠሃ ዓይኑን ከሩቅ ነገር ላይ አልነቀለም።

"ይህ ሥጋ አይደለም፣ ዙህራ። ውኃ ነው። ልጄን ውኃ ሞልቶታል። ውኃውን ስታወጣለት የነበረችው ሶረቲ ናት።"

አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። እኔ ግን ያን ጉድጓድ እያየሁ ነገሩ ገባኝ። የከሳው ውኃው ሲወጣለት ነበር። የጮኸው አቅም ሲያገኝ ነበር። ሶረቲ የሳቀችውም ለዚያ ነበር።

በሚቀጥለው ሐሙስ አባቴን ሳይገባ ከመንገድ ጠበቅኩት። ጠሃን አዝዬ ነበር። ከሩቅ ሲያየን ፊቱ በራ። "ማሻአላህ፣ ወፈረልኝ!" አለ።

"አባ፣ እግሩን ይጫኑት።"

"ምን?"

"በጣትዎ ይጫኑት። ማሎ፣ አባ።"

ተጫነ። ጣቱን አነሳ። ለረጅም ጊዜ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ጂኑ ውሸት እንደነበረ፣ ያየሁት አሸን እንደሆነ፣ ሁሉንም እየተንተባተብኩ እዚያው መንገድ ላይ ነገርኩት። ቤት ስንደርስ እናቴ ደጃፍ ላይ ቆማለች።

"ጀማለዲን" አለች። እናቴ አባቴን በስሙ ስትጠራው የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። "ዱቄቱን ያበላሁት እኔ ነኝ። ሶረቲ የሠራችው ለምኛት ነው። ከፈለግህ እኔንም አባርረኝ። መጀመሪያ ግን ልጁን አትርፈው።"

አባቴ ገና ያላወለቀውን ጫማ እንደገና አጠበቀና እኔን አስከትሎ ወደ ሸህ ቲጃኒ ሄደ። ሸሁ ሁሉንም እስከ መጨረሻው ሰሙ።

"አንበጣ ተፈቅዶልናል" አሉ። "አሸንን ግን በተማርኩት ኪታብ ስሙን አላየሁትም፤ ሐላል ነው ብዬ አልምልልህም። ሕፃን እየሞተ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ግን እንደተከለከለ አይቻለሁ። ለልጁ መዳኛ ነው፤ ተነሣ።"

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ አባቴ በእግሩ ወደ ጅማ ወረደ። ሶረቲን ጊንጆ በሚባለው ሰፈር ዘመዷ ቤት የሰው ልብስ ስታጥብ አገኛት። ምን እንዳላት ሁለቱም አልነገሩንም። ቅዳሜ ማታ ተከታትለው መጡ፤ ጨርቋን የተሸከመው እሱ ነበር። ለጎጆ ሥራው ባለመመለሱ ማህበሩ ሦስት ቀን አሰረው። ከመታሰሩ በፊት ግን በእሑድ ጠዋት ከወንዙ ዳር ባለው ሌላ ኩይሳ ዙሪያ እንጨት ተከለ፣ የእንሰት ቅጠሉንም በገዛ እጁ አለበሰው። በሦስቱ ቀን እስሩ እናቴ ምሳ ስትወስድለት መጀመሪያ የሚጠይቃት "ወጣ?" ብሎ ነበር። ስለ አሸኑ ነው።

እኔ ከሶረቲ ተደብቄ ነበር። ራሷ ጠራችኝ። ኩይሳው ሥር ተንበርክካለች።

"አዴ ሶረቲ፣ የነገርኩት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ።"

"ጂን መስሎኝ ነው።"

"እኔም ብሆን፣ ወንድሜን ጂን እየበላው መስሎኝ ዝም ብል ክፉዋ እኔ ነበርኩ። በመናገርሽ ደግ አድርገሻል። አሁን ነይ፣ ያበላሸሽውን አስተካክዪ።" ሁለቱን ዱላ እጄ ውስጥ አደረገች።

መታሁ። እየፈራሁ፣ እየቸኮልኩ፣ ጠብጠብጠብ አደረግኩት። ምንም አልወጣም። ሶረቲ ያን ረጅም ሳቋን ሳቀች።

"ይህማ ፍየል ሲሮጥ ነው! ዝናብ አይቸኩልም፣ ዙህራ። የሚመጣ ነገር አይቸኩልም። ቀስ በዪ።"

ቀስ አልኩ። ፀሐይዋ ወደ ቡናው ጫፍ ስትወርድ ከምድር ውስጥ ሹክሹክታ ሰማሁ። ከዚያ በቀዳዳዋ በኩል ክንፍ በክንፍ ላይ እየተደራረበ ወደ ማሰሮው መፍሰስ ጀመረ።

ጠሃ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን አለቀሰ። እናቴና ሶረቲ ተቃቅፈው ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ፤ ለጢፋ ከአጥር ማዶ ሆና "እናንተ ሰዎች፣ ምን ነካችሁ? ሕፃን እያለቀሰ!" አለች። ክረምቱን ወጣ። በነሐሴ ላማችን ወለደች፤ ከዚያ ወዲያ ወተት አላጣንም።

ጠሃ ዛሬ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ በበሩ ጎንበስ ሳይል አይገባም። ባለፈው ወር የሶረቲ ቃሬዛ ከግቢዬ ሲነሣ ከፊት የያዘው እሱ ነው። በሩ ጋ ሲደርስ ቃሬዛውን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ግድግዳውን ተደግፎ፣ መንደሩ እስኪሰማው ጮኾ አለቀሰ። ሽማግሌዎቹ ከበቡት።

"ሰብር አድርግ እንጂ! ወንድ ልጅ እንዲህ አይሆንም። ለመሆኑ ምንህ ናት?"

አንደኛው አፉን ሊይዘው እጁን ዘረጋ። ሴቶቹ መካከል ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ የሽማግሌውን እጅ ያዝኩ።

"ተዉት" አልኩ። "ያልቅስ። እሱ ሲያለቅስ ነው ደህና የሚሆነው።"